ዊንድሰርፊንግ ለጀማሪ፦ መሄዱ ቀላል ነው፣ መመለሱን ይማሩ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«38 ዓመቴ ነው፤ 78 ኪሎ እመዝናለሁ። ዋና እችላለሁ፣ ጎበዝ ግን አይደለሁም። ዊንድሰርፊንግ መጀመር እፈልጋለሁ። ጓደኛዬ ያገለገለ ቦርድ በርካሽ ሊሸጥልኝ ነው። ቦርዱ ላይ 95 ሊትር የሚል ተጽፎበታል፤ ሸራው ደግሞ 6.5 ሜትር ካሬ ነው። ቪዲዮ እያየሁ ብቻዬን ለመለማመድ አስቤያለሁ። የምሄድበት ሐይቅ ላይ ጠዋት ጠዋት ነፋሱ ከመሬት ወደ ውሃው ስለሚነፍስ ዳር ዳሩ ጸጥ ይላል፤ ለጀማሪ የሚመች መሰለኝ። ቦርዱ ራሱ ስለሚንሳፈፍ ላይፍ ጃኬት የግድ ነው? ቢደክመኝ ዋኝቼ እመለሳለሁ። ዕቅዴ እንዴት ነው?»

ዕቅድዎ ደህና አይደለም። ዊንድሰርፊንግ፣ ማለትም ሸራ በተገጠመለት ቦርድ ላይ ቆሞ በነፋስ መሄድ፣ በ38 ዓመትም በ60 ዓመትም ይጀመራል፤ ስለዚህ ዕድሜዎን ይተዉት። የሚያሳስበኝ የዘረዘሯቸው ነገሮች ድምር ነው። የማይሸከምዎት ቦርድ፣ ወደ መሐል የሚገፋዎት ነፋስ፣ ዳር ላይ ቆሞ የሚያይዎት ሰው አለመኖሩ፣ በዚያ ላይ «ዋኝቼ እመለሳለሁ» የሚለው ሐሳብ። አንዱ ብቻ ቢሆን ጠዋትዎን ያበላሽብዎት ነበር። አራቱ አንድ ቀን ከተገጣጠሙ ግን ጉዳዩ የነፍስ ነው።

አብዛኛው ጀማሪ የሚፈራው መውደቅን ነው። መውደቅ ምንም አይደለም። ቀኑን ሙሉ ይወድቃሉ፣ ውሃ ነው፣ ተመልሰው ይወጣሉ። ጀማሪን የሚጎዳው ሄዶ መመለስ ሲያቅተው ነው። የምለው ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

ከነፋሱ ልጀምር፤ ትልቁ ስህተት ያለው እሱ ጋ ነው። ከመሬት ወደ ውሃ የሚነፍስ ነፋስ ዳር ላይ ጸጥ ያለ የሚመስለው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ከጀርባዎ ያሉት ዛፎች፣ ቤቶችና ኮረብታዎች ይከልሉታል። ሁለተኛ፣ ማዕበል እንዲነሳ ነፋሱ ውሃው ላይ ረጅም መንገድ መሮጥ አለበት፤ ዳር ላይ ገና መሮጥ መጀመሩ ነው። ስለዚህ ጸጥታው የነፋሱን ጉልበት አይነግርዎትም። ሁለት ሦስት መቶ ሜትር ሲርቁ ከለላው ያልቅና ነፋሱ ይበረታል፣ ውሃውም ይናወጣል። እዚያ ሲወድቁ ነፋሱ ቆሞ አይጠብቅዎትም። ሸራዎን ለማንሳት በታገሉ ቁጥር ዳሩ እየራቀ ይሄዳል።

ለመመለስ ደግሞ ወደ ነፋሱ መምጣት ሊኖርብዎ ነው። በሸራ የሚሄድ ነገር ቀጥ ብሎ ወደ ነፋስ አይሄድም። ነፋሱ ከሚመጣበት አቅጣጫ በግራም በቀኝም 45 ዲግሪ ያህሉ ዝግ ነው። ስለዚህ የሚመለሱት በዚግዛግ ነው፤ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ በየመሐሉ እየዞሩ። ይህ ጀማሪ ዘግይቶ የሚይዘው ችሎታ ነው። የመረጡት ነፋስ ግን በመጀመሪያው ቀን ይጠይቅዎታል።

ለጀማሪ የሚሆነው ዳሩን ይዞ ወደ ጎን የሚነፍስ፣ ቢቻል ትንሽ ወደ መሬት ያዘነበለ ነፋስ ነው። ቀጥታ ወደ መሬት የሚነፍሰው ያስመርራል፤ ማዕበሉን ዳር ላይ ይከምርብዎታል፣ ገና ከመነሳትዎ መልሶ ያወጣዎታል። ቢሆንም ያወጣዎታል። አቅጣጫውን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ነፋሱ በሁለቱም ጆሮዎ እኩል እስኪሰማዎት ፊትዎን ያዙሩ፤ የሚመጣው አፍንጫዎ ካመለከተበት ነው። ከዚያ ራስዎን ይጠይቁ፦ አሁን ሸራዬ ተበላሽቶ ዝም ብዬ ብንሳፈፍ ነፋሱ የት ያደርሰኛል? መልሱ አሸዋማ ዳርቻ ከሆነ ይግቡ። አለት፣ የጀልባ መተላለፊያ፣ ግድብ ወይም የሐይቁ መሐል ከሆነ የዚያ ቀን ይቅርብዎ።

የነፋስ ፍጥነት በኖት ይለካል፤ አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ከ5 እስከ 10 ኖት ይበቃል። ከ12 ኖት በላይ ጀማሪ ሲታገል ይውላል እንጂ አይማርም። ብዙ ሰው የማይገነዘበው ነገር አለ፤ የነፋስ ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ሸራው ላይ የሚያርፈው ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። በ7 ኖት ዘና ብለው የያዙት ሸራ በ14 ኖት እርስዎን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ትንበያ ሲያዩ አማካዩን ብቻ አይመልከቱ፤ ድንገት የሚጨምረው ስንት እንደሚደርስም ይዩ። ኮረብታ በከበበው ሐይቅ ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ሊሆን ይችላል። በዓይንም ይታወቃል፤ ውሃው ላይ ነጭ አረፋ በየቦታው ከታየ ቀኑ የእርስዎ አይደለም። ነጎድጓድ ከሰሙ ደግሞ «ትንሽ ልቆይ» የሚባል ነገር የለም። ገላጣ ውሃ ላይ ረጅም ምሰሶ ይዘው የቆሙት እርስዎ ነዎት።

ወደ ቦርዱ እንምጣ። 95 ሊትር ማለት በጨው አልባ ውሃ ላይ ቢበዛ 95 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። እንደምረው። እርስዎ 78 ኪሎ። ቦርዱ ራሱ 7 ወይም 8 ኪሎ። ምሰሶው፣ ሸራውና እጅ የሚይዘው ቡም አንድ ላይ 8 ወይም 9 ኪሎ። ገና የረጠበ ልብስዎን ሳንቆጥር 95 ላይ ደረስን። ሊቆሙበት ሲሞክሩ ከእግርዎ ሥር ይሰምጣል። እንዲህ ያለ ቦርድ የሚሠራው ሲሮጥ ነው፤ ፍጥነቱ ከውሃው በላይ ያነሳዋል። ጓደኛዎ አታለለዎት አላልኩም። ቦርዱ ለሚችል ሰው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ቆሞ ሸራ ለሚጎትት ሰው ግን አልተሠራም።

የጀማሪ ቦርድ ስሌቱ ቀላል ነው። ክብደትዎ ላይ 100 ሊትር ይጨምሩ፤ ለእርስዎ 180 ሊትር አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። ስፋቱ ከ80 ሴንቲ ሜትር አይነስ። ሳይወድቁ የሚያቆምዎት ሊትሩ ብቻ ሳይሆን ስፋቱም ነው። መሐሉ ላይ ወደ ታች የሚወጣ ክንፍ ይኑረው፤ ዳገርቦርድ ይሉታል። በቀስታ ሲሄዱ ቦርዱ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚይዘው እሱ ነው። በቀላል ነፋስ ወደ ተነሱበት መመለስ የሚቻለውም በእሱ ነው። ለፍጥነት የተሠሩ ትንንሽ ቦርዶች ይህ የላቸውም። የላዩ ሽፋን ለስላሳ ፎም ከሆነ ደግሞ ጉልበትዎ አይላጥም።

ሸራውም በዝቶብዎታል። በእርስዎ ክብደት፣ በቀላል ነፋስ፣ ከ4.5 እስከ 5.5 ሜትር ካሬ ይበቃል። ትልቅ ሸራ ይዞ መታየት ጉራ የሚመስላቸው አሉ፤ ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ወገባቸውን ይዘው ይወጣሉ። የወደቀ ሸራ ላይ ውሃ ይተኛበታል። ሲያነሱት የሚጎትቱት ሸራውን ብቻ ሳይሆን ውሃውንም ነው፤ ስፋቱ በጨመረ ቁጥር ውሃውም ይጨምራል።

ሸራ አነሳሱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የጀማሪ ጉልበት የሚያልቀውም ወገብ የሚጎዳውም እዚያ ነው። ቦርዱን ነፋሱን ወደ ጎን እንዲይዝ ያዙሩትና ጀርባዎን ለነፋሱ ሰጥተው ይቁሙ። ሸራው ፊት ለፊትዎ ውሃው ላይ ይተኛል። አንዱ እግር ከምሰሶው በዚህ፣ ሌላው በዚያ። የማንሻ ገመዱን ይዘው ጉልበትዎን እጥፍ ያድርጉ፤ ክንድዎ ዘርጋ፣ ጀርባዎ ቀጥ ይበል። ባልዲ ከጉድጓድ እንደሚያወጣ ሰው ጎንበስ ብለው አይጎትቱ። ክብደትዎን ወደ ኋላ ጥለው ይጠብቁ። መጠበቁ ነው ቁም ነገሩ። መጀመሪያ ምንም የሚንቀሳቀስ አይመስልም። ቀስ በቀስ ውሃው ከሸራው ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ ከዚያ ጫፉ ከውሃው ፍትልክ ይልና ሸራው በአንዴ ይቀላል። ጀማሪ ሁሉ በጀርባው የሚወድቀው በዚያች ቅጽበት ነው። ሲቀል ወገብዎን ወደ ፊት ይመልሱና ገመዱን እጅ በእጅ እየተቀባበሉ ምሰሶው ጋ ይድረሱ።

አሁን ሸራው ነፋስ ሳይይዝ ይርገበገባል፣ እርስዎ ምሰሶውን ይዘው ቆመዋል። ይህ ማረፊያዎ ነው። የሚርገበገብ ሸራ ጉልበት የለውም። እየሄዱ ሳለ ነፋሱ ከበረታብዎት የኋላ እጅዎን ከቡሙ ላይ ይልቀቁ፤ ሸራው ይከፈትና ነፋሱን ያፈሳል። ያም ካልበቃ ሸራውን ጥለው ቦርዱ ላይ ቁጭ ይበሉ። ተማሪ ሁሉ እንዴት እንደሚፈጥን ነው የሚጠይቀኝ። እኔ በመጀመሪያው ሰዓት የማስተምረው እንዴት እንደሚቆም ነው፤ ቅር ይላቸዋል፣ ግን አልቀይረውም።

ስለ ላይፍ ጃኬት። ቦርዱ ይንሳፈፋል፣ እውነት ነው። ግን አብሮዎት ይቆያል ወይ? አብዛኛውን ጊዜ ይቆያል፤ ውሃ ውስጥ የተኛው ሸራ እንደ መልሕቅ ይይዘዋል። ሸራውን ከቦርዱ ጋር የሚያገናኘው ተጣጣፊ መጋጠሚያ ከተበጠሰ ግን ባዶውን የቀረ ቦርድ ነፋስ ይዞት ይሄዳል፤ ጎበዝ ዋናተኛም አይደርስበትም። ምሰሶ ጭንቅላትዎን ሊመታዎት ይችላል። እግርዎ ሊሸመቅቅ ይችላል። ስለዚህ አዎ፣ የግድ ነው።

ሁሉም ጃኬት አንድ አይደለም። የማንሳፈፍ ጉልበቱ በኒውተን ይለካል። 50 ኒውተን የተባለው ቀለል ያለ ነው፤ ሸራ ለማንሳትም ከሸራ ሥር ለመውጣትም አያስቸግርም። ነገር ግን የተሠራው መዋኘት ለሚችልና እርዳታ ቅርቡ ላለ ሰው ነው። ራሱን የሳተ ሰውን ፊቱን ወደ ሰማይ አይገለብጥም። 150 ኒውተን ያለው ለዚያ ታስቦ ይሠራል፤ ግን ግዙፍ ነው፣ ያንቀራፍፋል። ውሃ ሲነካው በራሱ የሚነፋው ዓይነት በየደቂቃው ለሚወድቅ ጀማሪ ጭራሽ አይሆንም። ለዊንድሰርፊንግ 50 ኒውተን በልክዎ ይውሰዱ። ለብሰው ከትከሻው ላይ ወደ ላይ ሲጎትቱት አገጭዎ ጋ ከደረሰ ሰፍቶዎታል።

«ጎበዝ ዋናተኛ አይደለሁም» ያሉትን ግን ጃኬት አይሸፍነውም። እኔ ከተማሪ የምፈልገው 50 ሜትር ሳያርፍ እንዲዋኝ፣ እግሩ መሬት የማይነካበት ውሃ ውስጥም ሳይደነግጥ ጥቂት ደቂቃ እንዲቆይ ነው። ይህን ካልቻሉ ለቦርድ ያሰቡትን ገንዘብ መጀመሪያ ለዋና ትምህርት ያውጡት።

ብርዱንም አይናቁት። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል። ከ15 ዲግሪ በታች በሆነ ውሃ ውስጥ ድንገት ሲወድቁ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ትንፋሽ ይቆራረጣል፤ ሳያስቡት ውሃ ሊስቡ ይችላሉ። ቆይቶ ጣት ይደነዝዛል፣ ገመድ መያዝ ያቅታል። ሙቀት የሚጠብቀው የዋና ልብስ፣ ዌትሱት፣ ለዚህ ነው። ውሃው ሞቅ ያለ ቢሆንም የረጠበ ልብስና ነፋስ ሲገናኙ ያንቀጠቅጣሉ። ጫማ ያድርጉ፤ ሄልሜትም ለጀማሪ አያሳፍርም።

«ዋኝቼ እመለሳለሁ» የሚለውን ሐሳብ ይሰርዙት። ከቦርድዎ አይለዩ። ርቀት በውሃ ላይ ያታልላል፤ ቅርብ የመሰለው ዳር ደርሰው የማይደርሱበት ይሆናል። በዚያ ላይ ፈላጊ ጀልባ ቦርድና ሸራን ከሩቅ ያያል፤ የሰው ጭንቅላት ግን በማዕበል መሐል አይታይም።

ሲደክምዎት ወይም ዕቃ ሲበላሽ መጀመሪያ ቁጭ ብለው ይተንፍሱ። ዳሩ ቅርብ ከሆነና ነፋሱ ካልከበደ የቡሙን ጫፍ አንስተው ሸራውን በቦርዱ የኋላ ክፍል ላይ ያስተኙት፤ ውሃ ውስጥ ከጎተተ አያስኬድዎትም። በደረትዎ ተኝተው በእጅዎ ይቅዘፉ። ነፋሱን ፊት ለፊት አይጋፈጡ፤ አግድም ይቁረጡት፣ ከተነሱበት ራቅ ብሎ ቢሆንም ዳር መድረስ ይበቃል። እየቀዘፉ ካልቀረቡ ጉልበትዎን አይጨርሱ። ሸራውን መልሰው ውሃ ውስጥ ይተዉት፣ እንዳይርቁ ይይዝዎታል። ቦርዱ ላይ ይቀመጡና ሁለቱን ክንድ ወደ ጎን ዘርግተው ቀስ እያሉ ከፍ ዝቅ ያድርጉ። ይህ በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀ የድረሱልኝ ምልክት ነው። አንድ እጅ ብቻ ካወዛወዙ ሰላም ያሉት መስሎት መልሶ ሰላም የሚልዎት አይጠፋም። ፊሽካ ጃኬትዎ ላይ ያንጠልጥሉ፤ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ውስጥ ያለ ስልክም ጥሩ ነው። ይህን ሁሉ መጀመሪያ የሚሞክሩት ደክሞዎት አይሁን። በመጀመሪያው ቀን፣ ጸጥ ባለ ውሃ፣ ዳር አጠገብ ይለማመዱት።

አወዳደቅም ይለመዳል። በጭንቅላትዎ አይወርወሩ፤ ጥልቀቱን አያውቁትም። በጀርባ ወይም በጎን ጠፍጠፍ ብለው ይውደቁ፤ ብቅ ሲሉ አንድ ክንድ ከራስዎ በላይ ይሁን። ሸራው ላይዎ ቢወድቅ በእጅዎ ወደ ላይ ሲገፉት ትንሽ የመተንፈሻ ቦታ ይፈጠራል። ከዚያ አንድ አቅጣጫ ይምረጡና ሸራውን እየዳሰሱ እስከ ጫፉ ይሂዱ። ሁለት ሦስት ሜትር ነው። የሚያስቸግረው አቅጣጫ እየቀያየሩ መርበትበት ነው። ለመማር የሚሻለው ጥልቀት ደረት አካባቢ የሚደርስ ነው፤ ሲወድቁ አይመታዎትም፣ ሲፈልጉም ይቆሙበታል።

ቪዲዮ ይጠቅማል፣ አልከለክልም። ግን ቪዲዮ እርስዎን አያይዎትም። ጀርባዎ መጉበጡን፣ ሸራው ዘምበል ማለቱን፣ ነፋሱ መዞሩን የሚነግርዎት ዳር የቆመ ሰው ነው። መሠረታዊውን ለመያዝ ከ6 እስከ 10 ሰዓት የሚሆን ትምህርት ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። አስተማሪ ሲመርጡ ስለ ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት የነፍስ አድን ጀልባ በእጃቸው እንዳለ ይጠይቁ። ሸራ አያያዝ መጀመሪያ የብስ ላይ ያስተምራሉ? በመጀመሪያው ቀን ዞሮ መመለስን ያሳያሉ? ለአንድ አስተማሪ ከስድስት በላይ ጀማሪ ከሆነ ሌላ ቦታ ይፈልጉ። ትምህርቱ ሁሉን አያስችልም፤ ሲጨርሱ የሚችሉት በቀላል የጎን ነፋስ፣ ሰው ባለበት ቦታ፣ ሄዶ መመለስን ነው። ለጠንካራ ነፋስና ለባሕር ማዕበል ሌላ ጊዜ ይፈልጋል።

ሁለት ሦስት ነገር በአጭሩ። ሁለት ሸራ ተቃራኒ አቅጣጫ ይዘው ሲገናኙ ቀኝ እጁን ከፊት የያዘው ቅድሚያ አለው፤ እርስዎ ግን ጀማሪ ነዎት፣ መንገዱን ቀድመው ይልቀቁ። ምሰሶ ገጥመው ሲሄዱ ቀና ብለው የኤሌክትሪክ ሽቦ ይዩ፤ ካርቦን ያለበት ምሰሶ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ውሃ ከመግባትዎ በፊት ያንን ተጣጣፊ መጋጠሚያ አጥፈው ይዩት፤ ስንጥቅ ካለ አይግቡ። ያረጀ ዕቃ ላይ ቶሎ የሚሞተው እሱ ነው።

ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። ያንን ቦርድ አሁን አይግዙ። ዋናዎን ያጠናክሩ፣ ከዚያ በተከራዩት ሰፊ ቦርድ አስተማሪ ይዘው ይጀምሩ። ከመሬት ወደ ውሃ በሚነፍስ ነፋስ፣ ምንም ያህል ጸጥ ቢል፣ አይግቡ። ሦስት አራት ጊዜ ሄደው ወደ ተነሱበት ቦታ በራስዎ ከተመለሱ በኋላ ስለ መግዛት ያስቡ፤ ያኔ ምን እንደሚያስፈልግዎ እርስዎ ራስዎ ያውቁታል። የወገብ፣ የትከሻ ወይም የልብ ሕመም ካለብዎ ከሁሉ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ።

በመጀመሪያው ቀን ውሃ ላይ የሚቆዩት ከአንድ ሰዓት ተኩል አይብለጥ፤ በመሐልም ወጥተው ውሃ ይጠጡ። ድካሙ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ አይታወቅም። ሸራውን ሁለት ጊዜ ተከታትለው ሞክረው ማንሳት ካቃተዎት ሦስተኛውን አይሞክሩ። ዳር ይውጡ፤ የቀረው ጉልበት ለመመለሻ ነው።